አልበላም ብሎ ጥግ የያዘ የባሕር ዓሣ፦ ከመድኃኒት በፊት ምን ይደረጋል?

ዓሣው ትናንት ቤታችሁ ወዳለው የመስታወት ገንዳ ገባ። ዛሬ ከድንጋዩ ጀርባ ተሸጉጧል። ቀለሙ ደብዝዟል። ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የጣላችሁለትን ምግብ ዞር ብሎም አያየው። በዚህ ሰዓት የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ጠርሙስ ነው። እኔም እንደዚያ አድርጌ አንድ ኮፐርባንድ የሚባል ቢራቢሮ ዓሣ ሞቶብኛል። በሽታ አልነበረበትም። ፈርቶ ነበር፤ የገባበት ውሃም ከመጣበት ውሃ የተለየ ነበር። መድኃኒቱ በዚያ ላይ ሌላ ሸክም ሆነበት።

በቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ውሃ። ቀጥሎ ጸጥታ። ከዚያ ምግብ። መድኃኒት ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ እሱም የበሽታው ምልክት በዓይን ሲታይ ነው። ፈጽሞ መዘግየት የሌለበት አንድ በሽታ አለ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ምሳሌ የማደርገው ያንኑ ኮፐርባንድ ነው። ነጭና ብርቱካንማ ሰንበር ያለው፣ አፉ እንደ ወስፌ የሾለ ውብ ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኬልሞን ሮስትራተስ ነው። የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍልና ከምዕራብ ፓስፊክ የኮራል ሪፎች ነው። የሚሸጠው በአብዛኛው ከባሕር የተያዘ ስለሆነ እናንተ ቤት ሲደርስ መስታወት አይቶ አያውቅም፤ የደረቀ ምግብም አያውቅም። ሌሎች ቢራቢሮ ዓሦች፣ ወይም አንቲያስና ማንዳሪን የሚባሉ ዓሦች ካላችሁም የምለው አብዛኛው ይሠራል።

ጭንቀቱ ሰውነቱ ላይ ምን ያደርጋል?

የባሕር ዓሣ በውሃ ተከቦ ይጠማል። በዙሪያው ያለው ውሃ ከደሙ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ በስንጥቡና በቆዳው በኩል ከሰውነቱ ውሃ ሳያቋርጥ ይወጣል። ያንን ለመተካት የባሕሩን ውሃ ይጠጣል፤ አብሮ የገባውን ትርፍ ጨው ደግሞ በስንጥቡ መልሶ ያስወጣል። ይህ ሁሉ ጉልበት ይበላል።

ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል። ኦክስጅን ለማግኘት ወደ ስንጥቡ ብዙ ደም ይልካል። በዚያው በተከፈተው በር ግን ውሃው ይበልጥ ይወጣል፣ ጨውም ይበልጥ ይገባል። ፍርሃቱ ለቀናት ከቆየ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል። በጤናማ ዓሣ ላይ ብዙም የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ያኔ ይነሳበታል። እንግዲህ «ትንሽ ደንግጧል፣ ይለምደዋል» ብለን የምናልፈው ነገር ሰውነቱን ከውስጥ እያደረቀው ሊሆን ይችላል።

ዓሣው ገና ከረጢት ውስጥ ከሆነ

እድለኛ ናችሁ፤ ብዙ ጣጣ እዚህ ጋ ይቀራል። የክፍሉን መብራት ቀንሱ፣ የገንዳውን አጥፉ። ከረጢቱን ሳትከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ዓሣው በተጓዘበት ሰዓት ይወሰናል። በጉዞ ላይ ዓሣው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና የውሃው ፒኤች (አሲድነቱን የሚያሳየው ቁጥር፤ አሲድ ሲበዛ ዝቅ ይላል) ይወርዳል። ቆሻሻውም አሞኒያ ይሆናል። ፒኤቹ ዝቅ ሲል አብዛኛው አሞኒያ ብዙ የማይጎዳውን መልክ ይዞ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል። ፒኤች በአንድ ሲጨምር መርዛማው አሞኒያ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ብዙ ሰዓት የተጓዘን ዓሣ ከረጢቱን ከፍቶ ለሁለት ሰዓት ውሃ እያንጠባጠቡ ማለማመድ ለእሱ አስቦ እሱን መጉዳት ነው። እንዲህ ላለው ዓሣ የሚቀበለውን ገንዳ ጨዋማነት ቀድማችሁ ከከረጢቱ ጋር አስተካክሉ፤ ከፍታችሁም ቶሎ አሸጋግሩት። በአቅራቢያ ተገዝቶ በግማሽ ሰዓት የደረሰ ዓሣ ከሆነ ግን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ እያሉ ማለማመድ አይጎዳውም።

ሲሸጋገር መረብ አትጠቀሙ። ኮፐርባንድ የጀርባ ክንፉ ሹል እሾህ ስላለው መረቡ ላይ ይያዛል። በፕላስቲክ ማሰሮ ቅዱት። የከረጢቱን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉ።

መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ እዩት

ዓሣው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ከታመመ ወይም ከተጨነቀ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወንበር ያዙ። ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። አሥር ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ተመልከቱት። መስታወቱ ላይ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ የምታዩት ዓሣ እናንተን የፈራ ዓሣ ነው፤ እውነተኛውን ጠባዩን አታዩትም።

የስንጥቡን አመታት ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። የነገው ቁጥር ከዛሬው ካነሰ እየተሻለው ነው፤ ከጨመረ የሆነ ነገር እየባሰ ነው። እኔ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ በዚህች ማስታወሻ እተማመናለሁ።

ውሃው ወለል ላይ አፉን አውጥቶ የሚተነፍስ ከሆነ ኦክስጅን አንሷል ወይም አሞኒያ አለ። ሰውነቱን ድንጋይ ላይ የሚያክክ ከሆነ ጥገኛ ተሕዋስ ጠርጥሩ። ክንፉ ተበጣጥሶ ከሆነ የሚያሳድደው ሌላ ዓሣ አለ። በመጀመሪያው ቀን መደበቅ ግን በራሱ በሽታ አይደለም። ሌሊት መብራት አብርታችሁ ቀለሙ ገርጥቶ ወይም ተዥጎርጉሮ ብታዩትም አትደንግጡ፤ ብዙ የባሕር ዓሦች ሲያንቀላፉ መልካቸውን ይለውጣሉ።

ውሃውን ለኩ

አሞኒያና ናይትራይት (ባክቴሪያ አሞኒያን ሲለውጠው የሚገኘው) ዜሮ መሆን አለባቸው። «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም። ናይትሬት (ናይትራይት በተራው ሲለወጥ የሚገኘው) ከ20 ሚሊግራም በሊትር በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4፣ ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ። ጨዋማነት በተፈጥሮ ባሕር በሺህ 35 አካባቢ ነው፤ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) ሲለካ 1.025 ወይም 1.026 መሆኑ ነው።

ስለ ጨዋማነት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንድ ሻጮች ተሕዋስ ለመቀነስና ጨው ለመቆጠብ ዓሦቻቸውን በ1.018 ወይም በ1.020 ያቆያሉ። እንዲህ ያለውን ዓሣ በአንድ ጊዜ 1.026 ውስጥ ብትከቱት ከላይ የነገርኳችሁ የውሃ ማጣት በአንድ ሌሊት ይበረታበታል። በውጪ ምንም አይታይም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን «ያለምንም ምክንያት» ይሞታል። ከመግዛታችሁ በፊት ጨዋማነቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከቻላችሁ የከረጢቱን ውሃ ራሳችሁ ለኩ። ልዩነት ካለ የለይቶ ማቆያውን (አዲስ ወይም የታመመ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ) ጨዋማነት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩና በቀን ከ0.001 እስከ 0.002 ብቻ ከፍ አድርጉ። ወደ ታች መውረድ ለዓሣው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

መለኪያው ራሱ ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ማሳየቱ አይበቃም። በሺህ 35 ተብሎ በተዘጋጀ ማስተካከያ ፈሳሽ አረጋግጡት።

አሞኒያ ከታየ የዚያኑ ቀን ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ። የምትጨምሩት ውሃ በሙቀትም በጨዋማነትም ካለው ጋር እኩል ይሁን። ጨዉ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ በፓምፕ ሲንቀሳቀስ ቢያድር ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አጥፉ፤ ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል። በነጋታው እንደገና ለኩ። አሁንም ካለ እንደገና ቀይሩ። እዚህ ጋ ስንፍና አይሠራም።

ኦክስጅንንም አትርሱ። ጨዋማ ውሃ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ፓምፑን ወደ ላይ አዙራችሁ የውሃው ወለል እንዲረበሽ አድርጉ፣ ወይም የአየር ድንጋይ ጨምሩ። ርካሽ፣ ፈጣንና ጉዳት የሌለው እርዳታ ይህ ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቁ እንኳ መጀመሪያ ይህን አድርጉ።

ጸጥ አድርጉለት

መብራቱን ለአንድ ቀን ሙሉ አጥፉ፤ ከመስኮት የሚገባው ጭላንጭል ይበቃዋል። በሁለተኛው ቀን በደብዛዛው ጀምሩ። የገንዳውን ሦስት ጎን በወረቀት ሸፍኑ፤ አንዱ ጎን ለእናንተ ይቅር። ሰው የሚመላለስበት በር አጠገብ ያለ ገንዳ ለእንዲህ ዓይነት ዓሣ ከባድ ቦታ ነው። በር ሲወረወር፣ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ዓሣው ሰውነቱ ጎን ላይ ባለው መስመር ንዝረቱን ይሰማዋል።

መደበቂያ ስጡት። አንዳንዱ ሰው ዓሣውን ለማየት ብሎ ድንጋዩን ያነሳል። መሸሸጊያ እንዳለው የሚያውቅ ዓሣ ግን ቶሎ ይወጣል፤ መሸሸጊያ ያጣ ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የውሃ ቱቦ መጋጠሚያ ፕላስቲክ ለመልኩ ባያምርም ለዚህ ሥራ ግሩም ነው።

የሚያሳድደው ዓሣ ካለ ነገሩ በራሱ ይበርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። አዲሱን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ በዚያው ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆዩት። ይተያያሉ፣ አይነካኩም። በጥባጩ ሳጥኑን መግጨት ሲያቆም ሳጥኑን ክፈቱ። ካላቆመ መውጣት ያለበት በጥባጩ ነው።

ገንዳውን በመረብ ክዳን ሸፍኑ፤ የደነገጠ ዓሣ ይዘላል። እጃችሁን ደግሞ ከውሃው አውጡ። ድንጋይ ማስተካከል፣ አልጌ መፋቅ፣ ጌጥ መቀየር፣ ሁሉም ሳምንት ይጠብቅ።

እንዲበላ ማድረግ

ኮፐርባንድ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ ነው፤ ደግሞም የሚራበው ምግብ መካከል ነው። ሾጣጣ አፉ የተሠራው ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትሎችንና ጥቃቅን እንስሳትን እየመዘዘ እንዲበላ ነው። ከላይ እየተንሳፈፈ የሚወርድ ፍርፋሪ ለእሱ ምግብ አይመስለውም።

ስለዚህ ምግቡን ወደ ስንጥቅ አስገቡት። ክላምና መስል የሚባሉትን፣ ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን እንስሳት ያልተቀቀሉና ቅመም ያልነካቸው አድርጋችሁ ፈልጉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ከነዛጎሉ ዓሣው በሚደበቅበት አካባቢ አስቀምጡትና ራቁ። እዚያው ቆማችሁ «በላ? አልበላም?» ካላችሁ አይመጣም። በሕይወት ያሉ ትሎች ካገኛችሁ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው የሚቀሰቅሰው ጉጉት ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ያሸንፈዋል። ብራይን ሽሪምፕ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውሃ እንስሳም ሕያው ሆኖ ሲሰጠው ያስጀምራል፤ ነገር ግን ብቻውን ንጥረ ነገሩ አነስተኛ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ቫይታሚንና የስብ አሲድ ያለው ማበልጸጊያ መግቡት።

አንዴ ዛጎሉ ላይ መብላት ሲጀምር ማይሲስ የሚባለውን በበረዶ የሚሸጥ ትንሽ ሽሪምፕ አቅልጣችሁ እዚያው ሥጋ ላይ ደባልቁበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባዶውን ዛጎል በማይሲስ ብቻ ሙሉት። ቀጥሎ ከዛጎሉ ጎን በትንሽ ቱቦ ልቀቁለት። እንዲህ እያለ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውንም መልቀም ይማራል። ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ እኔ ጋ ካሉት አንዱ ከዚያም በላይ ቆይቶብኛል፤ ዛሬ ቱቦውን ሲያይ ወደ እጄ ይመጣል።

ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ስጡ። የተረፈውን በአንድ ሰዓት ውስጥ አውጡ፤ በተለይ የዛጎል ሥጋ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ድካማችሁን ሁሉ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። በረዶ የሆነውን ምግብ አቅልጡና ፈሳሹን ድፉት።

ከሆዱ ይልቅ ጀርባውን እዩ። ከራሱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎድጎድ ብሎ ከተሳለ ዓሣው የራሱን ጡንቻ መብላት ጀምሯል። ለዚህ ነው ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ እንዲያበላው መጠየቅ ያለባችሁ። ካልበላ አትግዙት። አዝናችሁለት ብትገዙት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አታድኑትም።

ማንዳሪን ካላችሁ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ የሚባሉትን ጥቃቅን እንስሳት እየለቀመ የሚኖር ስለሆነ ድንጋይ የበዛበትና የቆየ ገንዳ ይፈልጋል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ማስገባት ትርጉም የለውም።

አሁን በሽታ ነው ካላችሁ

ሦስቱን ለዩ። ክሪፕቶካርዮን፣ በተለምዶ ነጭ ነጥብ የሚባለው፣ የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ነጭ ነጥቦችን በቆዳና በክንፍ ላይ ያወጣል። ነጥቦቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋሉ፤ ሰውም «ዳነ» ብሎ ይደሰታል። አልዳነም። ተሕዋሱ ከዓሣው ወርዶ አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እየተባዛ ነው፤ ቁጥሩ በዝቶ ይመለሳል።

መዘግየት የሌለበት ያልኳችሁ ሁለተኛው ነው፦ ቬልቬት፣ ወይም አሚሉዲኒየም። ነጥቦቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ በጎን በኩል በባትሪ ሲበራባቸው እንደ ወርቃማ ብናኝ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ግን ብናኙ ከመታየቱ በፊት ዓሣው በኃይል መተንፈስ ይጀምራል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ ፊት ይቆማል። በቀናት ውስጥ ይገድላል። ውሃው ተለክቶ ጤናማ ከሆነና እነዚህ ምልክቶች ከተገጣጠሙ ነገን አትጠብቁ።

ሦስተኛው ጠፍጣፋ ትል ነው። ዓይኑ ዳመና የለበሰ ይመስላል፣ ሰውነቱን ያክካል። መዳብ ይህን ትል አይነካውም፤ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት ነው።

ሕክምናው ሁሉ በለይቶ ማቆያ ገንዳ ይሁን። ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ባዶ መስታወት ለትንንሽ ዓሦች ይበቃል፤ ትልቅ ኮፐርባንድ ከዚያ ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። ማሞቂያ፣ ክዳን፣ የፕላስቲክ መደበቂያና አስቀድሞ በዋናው ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ ያፈራ ስፖንጅ ፊልተር አስገቡበት። አሸዋና ድንጋይ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱን ይመጥጣሉ።

ለነጭ ነጥብና ለቬልቬት የተለመደው መድኃኒት መዳብ ነው። ያልተጣበቀው ዓይነት መዳብ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም በሊትር ይሠራል። ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘው ዓይነት ግን መጠኑ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የጠርሙሱን ጽሑፍ ተከተሉ፤ የመለኪያው ኪትም ለዚያው ዓይነት የተሠራ ይሁን። በሁለትና በሦስት ቀን እየከፋፈላችሁ ከፍ አድርጉት፣ በየቀኑ ለኩት። ቬልቬት ከሆነ ግን የጠርሙሱ መመሪያ እስከፈቀደው ድረስ አፍጥኑት። ከልኩ በታች ከሆነ ተሕዋሱን አይገድልም፤ በላይ ከሆነ ዓሣውን ይጎዳል። መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ስለሚገድል ዋናው ገንዳ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ አይግባ።

ነጭ ነጥብ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ ሌላ መንገድ አለ። የለይቶ ማቆያውን ጨዋማነት በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1.009 አውርዳችሁ ለ30 ቀን ማቆየት ነው። ለተዳከመ ዓሣ ይህ ከመዳብ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ጨው የማስወጣት ሥራውም ይቀልለታል። ፒኤቹ እንዳይወርድ ግን በየቀኑ መከታተል ግድ ነው። ለቬልቬት አይሠራም።

ዓሦቹ ሲታከሙ ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ይቆይ። ብዙ አሳዳጊዎች 76 ቀን ይጠብቃሉ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ተሕዋሱ የሚጣበቅበት ዓሣ ሲያጣ ያልቃል፤ ሽሪምፑና ኮራሉ እንደነበሩ መቆየት ይችላሉ።

በለይቶ ማቆያው ያለው ትልቁ ጠላት አሞኒያ ነው። ስፖንጁ ገና ካልበረታ በየቀኑ ለኩ፣ ውሃ ቀይሩ፣ የወጣውን መድኃኒት በዚያው ልክ ተኩ። አሞኒያን የሚያስሩ ፈሳሾችን ግን ከመዳብ ጋር አትደባልቁ፤ አንዳንዶቹ መዳቡን መርዛማ ያደርጉታል።

ወደ ዋናው ገንዳ የምትመልሱት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያለመድኃኒት ሳይታመም ሲቆይና በየቀኑ ሲበላ ነው። የሁለቱን ገንዳዎች ጨዋማነትና ሙቀት አስተካክሉ። በማሰሮ ቅዱት። የለመደውን ዛጎል በዋናው ውሃ አጥባችሁ አብሮት አስገቡለት። በዚያን ቀን መብራቱን አታብሩ።